ሳፋ ሙሉ ጣና

ቤተ ሙከራችን ተቆልፎ ከርሟል፤
ቁልፉን የያዘው ሰው ደብረ ታቦር ሄዷል፤
ዝውውር ደርሶት ነው፤ ቁልፉ ኪሱ ቀርቷል።

እኔም በሩን ተውኩት፤ ሳፋዬን አነሣሁ፣
ስንጥቁን በሻማ ደፍኜ አወጣሁ፤
ስልሳ አንድ ተማሪ፣ ሦስተኛ «ለ» ክፍል፣
ከሽምብጥ ወረደ «ውኃ ዳር፣ ውኃ ዳር» ሲል።

ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ሳፋው ጣናን ጠጣ፤
ጣናም አልጎደለ፤ አንማው ሄዶ አይቶ መጣ።

ቦርሳዬን ዘረገፍኩ፦ ሚስማር ከነዝገቱ፣
የለስላሳ ቆርኪ፣ ብርቱካን ከነቅርፊቱ፣
ጨው በጋዜጣ ጥቅል፣ ማንካ የእናቴ፣
አንድ እንቁላልም በዱቤ ከጎረቤቴ።

«ገምቱ! የሚሰጥም ማነው? የሚንሳፈፍስ?» እጅ አወጡ ሁሉም።
ሚስማሩ ሰጠመ፤ ቆርኪው ተንሳፈፈ፤ ማንንም አልገረመም።
ብርቱካኑ ዋኘ፤ ስንልጠው ግን ወርዶ ከታች ቁጭ አለ።
«ሰው ልብሱን አውልቆ፣ ብርቱካን ግን ለብሶ ይዋኛል!» እያለ
አንማው ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

አሁን ነው ቁም ነገሩ።
ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ባትሪ ያጠናሁት ቃል፦
«እንቁላል በተራ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል፤
ጨው ሲጨመርበት ቀስ ብሎ ይነሣል።»

«ይሰጥማል» አልኩና በኩራት ለቀቅኩት፤
እሱ ግን ብቅ ብሎ አየኝ፣ ልክ እንደ ዳክዬ ጫጩት።

ጨዉ ገና አልተፈታም።
ስልሳ አንድ ጥንድ ዓይን ከሳፋው ተነሥቶ እኔ ላይ አረፈ፤
«ቲቸር... ተንሳፈፈ» የሚል ሹክሹክታ በመሐል አለፈ።
ምን ልበል? ጣና ውስጥ ማን ጨው ነሰነሰ?
መጽሐፉ ነው ወይስ ዕውቀቴ ያነሰ?

ያን ጊዜ ዘሐራ፣ የታንኳ ሠሪው ልጅ፣
ስም ሲጠራ እንኳን የምትመልስ በእጅ፣
እንቁላሉን አንሥታ ከጆሮዋ አስጠጋችው፣
ነቅነቅ አደረገችው፣ ደግሞ አሸተተችው፤
«ቲቸር» አለች በቀስታ፣ «ይኼማ ገምቷል።»

እኔ «ገምቱ» ብዬ ልጅ ልጁን ሳይ፣ ለካ
እንቁላሉ ከሁሉም ቀድሞ ገምቷል!

«እናቴ ስትገዛ ውኃ ውስጥ ትነክራለች፤
የሰጠመውን ወስዳ የዋኘውን ትመልሳለች።»
«ለምን ይዋኛል?» አልኳት።

ዝም አለች። ተነሣች። ወደ ዳሩ ሄደች፤
ነፋስ ከገፋው እምቦጭ አንዱን ነቅላ መጣች፤
ያበጠውን አንገቱን በጥፍሯ ሰነጠቀች።
ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ ቤት በቤት፣ ቤቱም ሁሉ ባዶ፤
ሳፋው ውስጥ ስትጨምቀው አረፋው ፈላ፣ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ወደ ላይ ሄዶ።
ደንገል ቆርጣም ደገመች፤ ያው ቀዳዳ፣ ያው አየር።

«አባቴ ታንኳውን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤
አየሩ ቦታውን ለውኃ ከለቀቀ ታንኳው ይሰጥማል።
እንቁላሉም...» ብላ ቆመች።
የቀረውን ስልሳው ባንድ አፍ ጨረሰላት፦ «ሲያረጅ አየር ገብቶበታል!»
ከጩኸቱ የተነሣ አንድ ሻላ ዓሣውን ጥሎ በረረ።

አንማው ግን ካላየ አያምንም፤ ድንጋይ ላይ ሰበረው።
እንዴት እንደሮጥን፣ በየት በኩል እንደሮጥን፣
ዓሣ ሻጮቹ ይናገሩ። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ነበር።

በማግስቱ የሰፈሩ እንቁላል በሙሉ
በየሳፋው ሲነከር፣ ሲመዘን፣ ሲፈተን ዋለ አሉ።
ጎረቤቴም ዱቤዬን ሰረዘች፤
«እነዚህንም እይልኝ» ብላ ዘጠኝ ይዛ መጣች።
ሁለቱ ዋኙ።

ጨዉ እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ እንደተጠቀለለ አለ።

ማታ የሳምንቱን ዕቅድ ስሞላ፣ ከጠርዙ አጠገብ
«የትምህርቱ ውጤት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፤
አንዲት ቃል ጻፍኩበት፦ ገምቷል።
ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት።
አጥብቆ ይሁን አላልቶ ያነበባት
አልጠየቅኩትም።